ውዳሴ ላልበሰለ ፓስታ

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ናፖሊ ባሕር ዳርቻ በአሥር ደቂቃ የሚደርስ ፓስታ ጭላሎ ተራራ ግርጌ ሲመጣ ረዘም ያለ ጊዜ እሳት ላይ መቆየት አለበት። ባቄላ ቀቅላ የምታውቅ የአርሲ ባልቴት ይህን ያለ ቴርሞሜትር ታውቀዋለች። የማያውቀው ከምናሌው አናት ላይ «ኢጣሊያን» ብሎ የጻፈው ወጥ ቤት ነው። ማሸጊያው ላይ የታተመውን ደቂቃ ቆጥሮ ያወጣዋል፤ መሃሉ ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ተመጋቢው ቅር ሲለው አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ «አል ዴንቴ ነው ጌታዬ» ይለዋል። ጣሊያኖች ጥርስን ትንሽ የሚታገል ፓስታ እንደሚወዱ እርግጥ ነው። በዚህች አንዲት ቃል የወጥ ቤቱ ጥፋት የተመጋቢው አላዋቂነት ሆኖ ያርፋል። ሽሮ ጥሬ ቢቀርብ ይቅርታ የምትጠይቀው ባለቤቷ ናት፤ ፓስታ ጥሬ ሲቀርብ ግን የሚያፍረው ከፋዩ ነው። እንዲህ ያለ ጥበብ በርካሽ ይሸጥ ማለት ግፍ ነው።

ጥርስ የሚታገለው ፓስታ ደግሞ የራሱ ስንዴ አለው፤ ዱረም ይባላል። ጣሊያን ደረቅ ፓስታ ከዱረም ብቻ እንዲሠራ በሕግ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በዚያው ዓመት አሰላ ላይ በስዊድን ድጋፍ ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ የአርሲን ደጋ የዳቦ ስንዴ አገር ለማድረግ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ገበሬው አልተሳሳተም፤ የተሻለ ምርት የሚሰጠውን ዘራ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ የዱረም ዝርያችንን ብዛት አይቶ በተደነቀባት አገር ዛሬ ዱረም ለፋብሪካዎች አይበቃም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የዳቦ ስንዴ ይቀላቀልበታል። እንዲህ ያለው ፓስታ ላዩ ቶሎ ይላሽቃል። በጥድፊያ ሲወጣ እንግዲህ ውጪው ሙጫ፣ ውስጡ ጥሬ ሆኖ ይቀርባል። ሮም ውስጥ ሁለቱን በአንድ ሳህን ለማግኘት ብዙ መድከም ያስፈልግ ነበር።

ዋጋው ለምን ናረ ሲባል «ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው» የሚሉ ጠበቆች አሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የወይራ ዘይትና የጣሊያን ፎርማጆ እንደተወደደ ማን ይክዳል? ችግሩ ዶላሩ ዋጋው ላይ እንጂ ሳህኑ ላይ አለመታየቱ ነው። ስጎው የመቂ ቲማቲምና የአገር ሽንኩርት ነው፤ ዘይቱ ብዙ ጊዜ ሽንኩርት የሚቁላላበት ያው ዘይት ነው፤ ፎርማጆው ደግሞ እንደ ጠበል ተረጭቶ አልፏል። የመቂ ቲማቲም ማዳበሪያና ፀረ ተባይም በዶላር ይገዛል ከተባለ እሺ፤ ታዲያ ያ ወጪ የሰፈር ምግብ ቤት በሚሸጠው ፓስታ ላይስ የለም? የምግብ ቤቷ ባለቤት በትንሽ ብር ችላው የምታድረው ምናልባት ፈረንጅኛ ስለማትችል ይሆናል።

ሌሎች ደግሞ «የምትከፍለው ለቤቱ፣ ለወንበሩ፣ ለመስተንግዶው ነው» ይላሉ። ይህ ከሁሉም ሐቀኛው መልስ ነው። ብቻ ለመስተንግዶው አንዴ በምግቡ ዋጋ ውስጥ ከፍለን ስናበቃ ከምናሌው ግርጌ በደቃቅ ፊደል «ፕላስ ፕላስ» ተብሎ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲመጣ፣ 15 በመቶ ቫት ደግሞ በላዩ ሲታሰብ፣ ወንበሩን ይዘን መሄድ የምንችል ይመስላል።

ፓስታ ከነጭራሹ የኛ ምግብ አይደለም የሚል ካለ እሱም ተሳስቷል። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ ፓስታው ቀረ፤ እኛም በርበሬ ጨምረን፣ በጾም በስልስ፣ ሲያሰኘን በእንጀራ ጠቅልለን የራሳችን አደረግነው። በየአውቶቡስ ተራው የሚበላው ይህ ፓስታ ብዙ ይቀቀላል፣ ያጠግባል፣ ማንንም አያስተምርም። ውዱ ቤት የሚያስከፍለን ይህን የለመድነውን እንድንረሳ ነው፤ በሹካ መጠቅለል ያቃተው እንጀራ እንዳይጠይቅ፣ የራበውም ሁለተኛ ሳህን እንዳያዝ።

«ማንም አላስገደደህም» የሚለው የመጨረሻው ክርክር ግን መልስ የለውም። በእርግጥም የሚያስገድድ የለም። ደንበኛው ሳህኑን ገና ሳይነካው ስልኩን አውጥቶ ከላይ፣ ከጎን፣ ከነወይን ብርጭቆው ያነሣዋል፤ ፎቶው ላይ ደግሞ ጥሬነት አይታይም። ቤቱ የታዘዘውን በትክክል አቅርቧል፤ ከዚያ በኋላ ይበላል ብሎ ቃል የገባ የለም።