የመቅረትን ዋጋ ለመወሰን በሆለታ የወጣ የዕድር አዋጅ

ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በአምቦ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከወጨጫ ተራራ ሥር የምትኖር የሆለታ ሰው፣ ጡረታ የወጣህ ወታደርም ሆንህ የአበባ እርሻ ሠራተኛ፣ ባለ ሱቅም ሆንህ በየማለዳው አዲስ አበባ ገብተህ ማታ የምትመለስ ባለ ደመወዝ፣ እኛ በጠቅላላ ጉባኤ እጅ በማውጣት የተመረጥን (ሌላ ዕጩ ስላልተገኘ) የሰፈሩ ዕድር ዳኞች የምንልህን አድምጥ። የመንግሥት ሕግ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣው በነጋሪት ጋዜጣ ነው። እኛ ነጋሪት የለንም፤ ያለችን አንዲት ጥሩምባ ናት። ስለዚህ ይህ አዋጅ በጥሩምባ ጋዜጣ እንደወጣ ይቆጠራል፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስለተነፋም «አልሰማሁም» የሚል መከራከሪያ ተቀባይነት የለውም።

በመዝገባችን ላይ ስሙ የሚሰፍረው ሰው እየበዛ ለቅሶ ቤት የሚገኘው እያነሰ በመምጣቱ፤ የቀረ አባል ቅጣቱን በቴሌብር ልኮ፣ ደረሰኙን አይቶ፣ ተመልሶ መተኛት በመልመዱ፤ አንዳንዱማ የዓመቱን ቅጣት በመስከረም አስልቶ በቅድሚያ ልክፈል ብሎ በመጠየቁ፤ ገንዘብ ያዡ ደስ ሲለው ድንኳን ተካዮቹ በመማረራቸው፤ የመቅረትን ዋጋ እንደገና መወሰን አስፈላጊ ሆኖ ስለተገኘ የሚከተለው ታውጇል። ቅጣት የዕድሩ ገቢ ሳይሆን የቀረውን ሰው መጥሪያ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ቅጣት በስልክ አይላክም፣ በባንክ አይገባም፣ በሰው እጅ አይመጣም፣ በቅድሚያም አይከፈልም። የቀረ አባል በወሩ ስብሰባ ላይ ራሱ ተገኝቶ፣ ስሙ ሲጠራ ቆሞ፣ ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል። የገንዘቡ መጠን ሊያንስ ይችላል፤ ቆሞ መክፈሉ ግን አይማርም።

በቅጣት ነገር ይህን ያህል የደረቅነው ወደን አይደለም። ዕድር ሌላ ምን ጉልበት አለው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ያልቆመን ማኅበር በስሙ ያውቀዋል። በ2001 ዓ.ም. በጎ አድራጎት ድርጅቶችንና ማኅበራትን መፈናፈኛ ያሳጣው አዋጅ ቁጥር 621 እንኳ ዕድርንና ዕቁብን ከተፈጻሚነቱ ውጪ አድርጎ ነው ያለፈው። ያ አዋጅ ራሱ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ተተክቶ ሄዷል፤ ዕድር አለ። ይሁን እንጂ መንግሥት አልነካንም ማለት መንግሥት ከኋላችን ቆሟል ማለት አይደለም። ቀብር በቀረ ሰው ላይ ፖሊስ አንልክም፤ እስር ቤት የለንም፤ ያለን አንድ ደብተርና አንድ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ስቴፋን ደርኮን፣ አሉላ ፓንክረስትና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያና በታንዛኒያ ስላሉ የቀብር መረዳጃ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሩቅ ሲታዩ በልማድ ብቻ የሚሄዱ የሚመስሉት እነዚህ ማኅበራት የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት መዝገብ፣ የታወቀ መዋጮና የቅጣት ሥርዓት ያላቸው መሆናቸውን አሳይተዋል። የዕድር ጸሐፊ ቤት ገብቶ ያንን ጠርዙ የተበላ ትልቅ መዝገብ ለገለጠ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ገጹ በማስመሪያ ተሰምሯል፣ መዋጮው በሰማያዊ፣ ቀሪው በቀይ ተጽፏል፣ ስርዝ ድልዝ ካለ አጠገቡ ፊርማ አለ።

እዚህ ላይ የተማረው ተቃዋሚያችን እጁን ያወጣል። «ሰውን ያስቀረው ራሱ ቅጣቱ ቢሆንስ?» ይላል፤ ማስረጃም አለው። ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት በእስራኤል፣ በሀይፋ ከተማ በሚገኙ አሥር የሕፃናት መዋያዎች የተደረገ ነው። ልጃቸውን ለመውሰድ አርፍደው በሚመጡ ወላጆች ላይ ከአሥሩ በስድስቱ ውስጥ መጠነኛ ቅጣት ተጣለ። አርፋጁ ይቀንሳል ሲባል ጨመረ፣ ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። ወላጆቹ ቀድሞ ያፍሩበት የነበረውን ነገር አሁን እንደሚገዙት አገልግሎት ቆጠሩት። ተቃዋሚያችን ከዚህ ተነስቶ ቅጣትን ሰርዙት ይለናል። እኛ ጥናቱን ተቀብለን አቤቱታውን ውድቅ አድርገናል። በሀይፋ ቅጣቱ የተከፈለው ከወሩ ሒሳብ ጋር ተደምሮ ነበር፤ አርፋጁን በሌሎች ወላጆች ፊት ስሙን ጠርቶ ያስከፈለው ሰው የለም። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ በእኛም ሰፈር የሆነው ይኸው ነው። ቴሌብርን አንወቅስም፤ ወርሃዊ መዋጮ በእሱ ቢገባ ገንዘብ ያዡን ከስንት ንትርክ ያድነዋል። ቅጣት ግን በእሱ ሲገባ ዋጋ ይሆናል፤ ዋጋ ከሆነ ደግሞ የሚችል ሁሉ ይገዛዋል።

የእኛ ቁጥጥር ምን እንደሚመስል ተቃዋሚያችን በቅርብ ይመልከት። ቀብር ላይ ስም የሚጠራው ከግብዓተ መሬቱ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢጠራ ኖሮ ግማሹ «አለሁ» ብሎ በጓሮ በር ውልቅ ይላል፤ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገም። ተቆጣጣሪው ደብተሩን በግራ ክንዱ ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን በአፉ አሙቆ (በሆለታ ብርድ ቀለም ይረጋል)፣ ከ«ሀ» ጀምሮ ይወርዳል። ስም ተጠርቶ ድምፅ ሲጠፋ አንዴ ይደግመዋል፤ ሁለተኛውም መልስ ሲያጣ ቀና ብሎ ሰዉን ያያል። ሰዉም እርስ በርሱ ይተያያል። ቅጣቱ እዚያው ላይ ተፈጽሟል፤ ብሩ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። በሀይፋ የጎደለው ይህ መተያየት ነበር፤ አዋጃችንም የሚጠብቀው እሱን ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ነጋዴ ነው። «ድንኳን የሚያከራይ አለ፣ ወንበር የሚያከራይ አለ፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ መቃብር የሚቆፍር በገንዘብ ይገኛል፤ መዋጮውን ጨምራችሁ ሰዉን ለምን አታሳርፉትም?» ይላል። በጥር ቢሆን እንሰማው ነበር። ሆለታ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የረጠበ ሸራ ከደረቁ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ገመዱ ከበሰበሰ መሬት ካስማ ነቅሎ እንዴት እንደሚወጣ ኪራይ ቤቱ በደረሰኙ ላይ አይጽፍም። አከራዩ ድንኳኑን ተክሎ ይሄዳል። ሌሊት ዝናብ ሲጥል ጣራው ላይ ያቆረውን ውኃ በእንጨት ገፍቶ የሚያፈስ፣ ለቅሶ ቤት የሚያድር፣ ሐዘንተኛዋ እህል እንድትቀምስ የሚለምን ሰው በኪራይ ዝርዝር ውስጥ የለም። ደግሞም የኢንሹራንስ አሠራር ሞት ሲበዛ ዓረቦን መጨመር ወይም ውል ማቋረጥ ነው። ኤች አይ ቪ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን ቀብር በቀብር ላይ ተደራርቦ የዕድር ካዝና ሲራቆት፣ በአዲስ አበባም በሌላም ከተማ ደንባቸውን አሻሽለው ታማሚ ወደ መጠየቅና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ መደገፍ የዞሩ ዕድሮች ነበሩ። በስብሰባ የሚተያይ ሰው ነው ደንብ የሚያሻሽለው።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ከሽማግሌዎች የመጣ ነው፤ «በስም ጥሪና በቅጣት ሰው መሰብሰብ ከደርግ ቀበሌ በምን ይለያል?» የሚለው። ይህን ቀልደን አናልፈውም። ሆለታ ስም መጠራትን የለመደች ከተማ ናት። በ1927 ዓ.ም. የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤቱን ከከፈቱ ጀምሮ በዚህች ከተማ በየማለዳው ወጣት ተሰልፎ «አለሁ» ብሏል። ከዚያ የወጡት በ1928 ዓ.ም. ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈዋል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥተዋል። እሳቸው ያሉበት ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ቀበሌንም አብሮ አቋቋመ፤ ስብሰባ መቅረት የሚያስጠይቅበት ዘመን መጣ። በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ ያ የግዳጅ ስብሰባ አብሮ ወደቀ፤ ያው ሕዝብ ግን ወደ ዕድሩ መሄዱን አላቆመም። ልዩነቱ ያለው ቅጣቱ ላይ ሳይሆን ቀጪው ላይ ነው። የዕድር ዳኛ በቀጣው ሰው ድምፅ ይሻራል፤ ዛሬ ስም የጠራው ነገ በራሱ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሰው ይጠብቃል፤ የተቀጣው ብርም ተመልሶ ለተቀጣው ሰው ወንበርና ብረት ድስት ይሆናል። ይህ ባይሆን ሽማግሌዎቹ እውነታቸውን ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሳይመረጥ የተቀመጠ ዳኛና ኦዲት የማያውቀው ካዝና ያለው ዕድር ቀበሌ ሆኗል፤ እንዲህ ያለውን ዕድር ይህ አዋጅ አይከላከልለትም። ስለሆነም ዳኛ ሲቀር ቅጣቱ እጥፍ ነው፣ የሚቆመውም ከሁሉ በፊት ነው፤ በየዓመቱ ሒሳቡ ሳይመረመር ማንም ዳኛ ወንበሩ ላይ አይውልም። (ይህን ሐረግ ስናጸድቅ ከዳኞች መካከል ሁለቱ ስልክ ለማናገር ወጥተው ነበር።)

የአበባ እርሻ ሠራተኛዋ ያቀረበችው አቤቱታ ግን አሸንፎናል። አንድ ቀን ከሥራ ብትቀር የቀን ክፍያዋን ታጣለች፤ ብትሄድ እኛ እንቀጣታለን፤ ስለዚህ አንድ ሞት ብትቀርም ብትሄድም ያስከፍላታል። ባለ መኪናው ደግሞ ቅጣቱን ከቡና ሒሳብ አይለየውም። እኩል ቅጣት እኩል ሸክም አይደለም። ስለዚህ ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ለወላጁ ተወክሎ ቢገኝ እንደተገኘ ይቆጠራል፤ የታመመና አራስ ቤት ያለች አይጠሩም፤ የቀን ሠራተኛ በቀብሩ ሰዓት ቢቀር ማታ ለቅሶ ቤት መጥቶ ካደረ ቀይ መስመሩ ይሰረዝለታል። በዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ የቀረ ባለጠጋ ግን ብሩ አይፈለግም፤ በሚቀጥለው ዝናብ ድንኳን ተክሎ፣ ነቅሎ፣ አድርቆ፣ አጥፎ መጋዘን ያስገባል። ሾፌሩን ቢልክ ሾፌሩ ተገኘ ተብሎ ይመዘገባል። በስልክ የተላከ የተጣመረ እጅና የሚያለቅስ ፊት ምስልም፣ ብዛቱ ምንም ያህል ቢሆን፣ እንደ መገኘት አይቆጠርም። የሴቶች ዕድርን በተመለከተ ይህ አዋጅ አንድም ነገር አይደነግግም፤ እነሱ እንጀራ ሲጋግሩና ወጥ ሲሠሩ ስም መጥራት አላስፈለጋቸውም፣ ያልመጣችዋን ምጣዱ ይነግራቸዋል። ወንዶቹ ከእነሱ መማር ቢጀምሩ ግማሹን አንቀጽ እንሰርዝ ነበር።

ይህን አዋጅ የሚቃረን ልማድ፣ በተለይም «ልጄ ይከፍልልኛል» የሚለው፣ ተሽሯል። ውዝፍ ቅጣት ያለባችሁ አባላት በወሩ መጨረሻ እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ራሳችሁ ቅረቡ። ገንዘብ ያዡ መልስ ስለሌለው ዝርዝር ብር ይዛችሁ ኑ።