የቀዳማዊ ሠንጠረዥ አዋጅ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከጉና ግርጌ እስከ ጋፋት፣ ከደብረ ታቦር እስከ ፋርጣ ቀበሌዎች መዝገብ የያዝህ ሁሉ! ሥዩመ ዳታቤዝ፣ ንጉሠ ረድፍ ወዓምድ፣ ቀዳማዊ ሠንጠረዥ «ከእንግዲህ አንድ ሰው ሁለት ረድፍ አይይዝም» ሲል አውጇል።

መግቢያው ምክንያቱን ያስረዳል። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ አንድ ነው። ጸሐፊው አንዴ በ«ሴ»፣ አንዴ በ«ሤ» መዝግቦት ቢሆን ግን ለኮምፒውተር መድፉ ሁለት ነው። ሁለቱንም መቅደላ አድርስ የሚባለውን ወታደር ማሰብ ነው።

አንቀጽ 1 ስምን ከቁልፍነት ሽሯል። «ኃይለ ሥላሴ» በ6 ዓይነት «ሃ»፣ በ2 ዓይነት «ስ»፣ በ2 ዓይነት «ሴ»፣ ተያይዞም ተለያይቶም 48 መልክ አለው። በዩኒኮድ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ማሽኑ ሞክሼ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ለማዳበሪያ የተመዘገበ አንድ ገበሬ ሁለት ገበሬ ሆኖ ያድራል። ስም እንዳይደገም መቆለፍ ደግሞ የባሰ ነው። እስከ አያታቸው ሞክሼ ያላቸው ሽማግሌ መስኮቱ ጋ ሲደርሱ «አባባ፣ እርስዎ ተመዝግበዋል» ይባላሉ።

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ገና ከበቅሎ መውረዴ ነው!»

ስለዚህ ቁልፉ የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ይሁን ተብሏል። ፋይዳ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ ነው፤ ሰውን በ10 ጣት አሻራ፣ በሁለት ዓይን አይሪስና በፊት ምስል ይለያል። ድንች ሲቆፍር የኖረ ጣት አሻራው ቢደበዝዝ ዓይኑ ይመሰክራል።

አንቀጽ 2 «ፈልጌ አጣሁት» የሚለውን ሰበብ ይከለክላል። በገበያ ቀን አባት አንደኛው ሰልፍ ላይ ይቆማሉ፤ ልጅ «ያኛው ይፈጥናል» ብሎ በአባቱ ስም ሁለተኛው ላይ። ሁለቱ መዝጋቢዎች እኩል ፈለጉ፣ እኩል «የለም» የሚል መልስ አገኙ፣ እኩል መዘገቡ። ማንም አላጠፋም፤ ረድፉ ግን ሁለት ሆነ። እገዳው በመዝጋቢው ትጋት ሳይሆን በራሱ በሠንጠረዡ ላይ ይጣል የተባለው ለዚህ ነው። ባለሙያዎቹ ዩኒክ ኮንስትሬይንት ይሉታል፤ በአንድ ሺኛ ሰከንድ የዘገየውን እንኳ ከደጅ ይመልሳል።

አንቀጽ 3 ባዶውን ሣጥን ይመለከታል። ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ባዶን ከባዶ ጋር እኩል አያደርግም፤ ቁጥር የሌላቸው መቶ ረድፎች ተሰልፈው ቢገቡ ዝም ይላል። ይህን የሚያስቀር አማራጭ የመጣው በ2015 ዓ.ም. በወጣው 15ኛው እትም ነው።

ቀድሞ የተደገመ ካለ ሳይጸዳ እገዳው አይተከልም። ትርፉ ረድፍም ከመሰረዙ በፊት በስሩ ያለው ማሳ ወደ ዋናው ይዛወር፤ አለዚያ መሬቱ ባለቤት አልባ ይሆናል። የተላለፈ ስህተት ቁጥር 23505 ይነበብበታል፤ ይግባኝ የለውም።

አዋጁ ከነሐሴ 13፣ ከደብረ ታቦር በዓል ጀምሮ ይጸናል። የቡሄ ጨፋሪዎች ግን ነጻ ናቸው፤ ያው ቡድን በጓሮ ዞሮ ሁለተኛ ቢመጣም ሙልሙሉ ይሰጠዋል።