የአራተኛው ፎቅ አትክልተኛ

ከመዝገብ ቤት ሹምነት በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አዛውንት፣ አበላቸው ከወሩ ቀድሞ እያለቀ ቢያስቸግራቸው፣ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በአራተኛው ፎቅ ላይ ያለውን ሳሎናቸውን በዱቄት ወተት ጣሳ ሞልተው የቅመም ቅጠል ነጋዴ ለመሆን በተነሡ በሦስተኛው ወር፣ ዕድሜያቸውን በጉልት ያሳለፉ ጎረቤታቸው ባልቴት ጀበናቸውን ጥደው በሩን አንኳኩ።

ጡረተኛው፦ ይግቡ እትዬ፤ ብቻ እንዳይረግጡብኝ ቀስ ይበሉ። ከበሩ እስከ አልጋዬ 40 ጣሳ ተሰልፏል፤ 12ቱ በሶብላ፣ 10ሩ ኮሰረት፣ 10ሩ ጦስኝ፣ የቀሩት ጤና አዳም ናቸው። ገቢና ወጪውም በዚህ መዝገብ በሁለት ዓምድ ሰፍሯል።

ባልቴቷ፦ መዝገቡስ ለምልሟል ጋሼ፤ ቅጠሉ ግን ምነው ገረጣ? መስኮትዎ ከፊት ለፊት ያለውን ሕንፃ እያየ፣ ፀሐይ ከወዴት ይመጣለታል?

ጡረተኛው፦ አዝርዕትና አትክልት፣ ዕፅዋትም ሁሉ የተፈጠሩት በዕለተ ሠሉስ ሲሆን፣ ፀሐይ ግን በማግሥቱ በዕለተ ረቡዕ ስለ ተፈጠረ፣ ቅጠል ያለ ፀሐይ መኖር የሚችል መሆኑ ከሥነ ፍጥረት የታወቀ ነው።

ባልቴቷ፦ አንድ ሌሊት ቢኖር ሦስት ወር ይኖራል ማለት ነው? ጦስኝ እኮ በደጋ ሜዳ ላይ ብርድና ፀሐይ እየተፈራረቀበት የሚያድግ ነው፤ ሶፋዎን ቢያካፍሉትም ደስ አይለው። የጤና አዳሙስ ሥር ለምን በሰበሰ?

ጡረተኛው፦ ምን አጎደልሁበት? በነግህ፣ በቀትርና በሠርክ፣ እንደ ጸሎት ሰዓት ሳላዛንፍ አጠጣዋለሁ።

ባልቴቷ፦ ጣሳው ከሥሩ ሳይበሳ? ይኸማ ማጠጣት አይደለም፣ ማጥመቅ ነው! ጤና አዳም አፈሩ ካልደረቀ ውሃ አይሻም።

ጡረተኛው፦ ይሁን፤ በሶብላው ይክሰኛል። 1 ኪሎ እርጥብ ቅጠል መዝኜ፣ ዋጋውን በጉልት ከሚሸጠው ጋር አስተያይቼ አስልቻለሁ።

ባልቴቷ፦ ለበርበሬና ለሽሮ የሚገባው ከነአበባው የደረቀው ነው እንጂ። ያ 1 ኪሎ በጥላ ሲደርቅ 200 ግራም ቢተርፍዎ እግዜርን ያመስግኑ።

ጡረተኛው፦ (ብዕራቸውን አንሥተው) የጠፋው 800 ግራም በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል?

ባልቴቷ፦ ውሃ ነበር፣ ሄደ። ኮሰረቱስ ቢሆን ቅቤ ሲነጠር ካልሆነ ማን ይፈልገዋል? ሁዳዴ ዛሬ ገና ገባ፤ በ55ቱ ጾም መካከል ቅቤ የሚያነጥር ክርስቲያን ከወዴት ያመጣሉ?

(አዛውንቱ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም፤ በፀሐይ ፈንታ ለቅጠሎቹ ለሚያበሩት አምፖል ያወጡት የመብራት ሂሳብ ደግሞ፣ ከባልቴቷ ዓይን ለመሰወር ሲባል፣ ከመዝገቡ ሥር ተቀምጦ ነበር።)

ባልቴቷ፦ እኔስ የመጣሁት ለሂሳብ አይደለም። ቡናው ሊፈላ ነው፤ አንዲት ዘለላ ጤና አዳም ይስጡኝ።

ጡረተኛው፦ በደስታ። ዋጋዋ 10 ብር ነው።

ባልቴቷ፦ ለጎረቤት ቡና ጤና አዳም የተሸጠው ከመቼ ወዲህ ነው? ደግ፤ እንግዲያው አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም በየስኒው 10 ብር ነው፤ ቆሎውን ሳልቆጥር።

አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካክለው ጥቂት ካሰሉ በኋላ፣ በሕይወት ከተረፉት ሁለት ዘለላዎች አንዱን ቀጥፈው ሰጡ፤ ሦስት ወር ሙሉ ባዶውን በከረመው በገቢው ዓምድም ላይ «ሦስት ስኒ ቡና፣ ከነቆሎው» ብለው ከጻፉ በኋላ፣ በሩን ቆልፈው ተከተሏቸው።