ሳበው፦ በጥንዶች የመጀመሪያ የውጭ ሀገር የመኪና ጉዞ ዕቅድ ላይ የቀረበ ጥናት

ባልና ሚስት በገዛ መኪናቸው ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ለመሄድ የሚያወጡት ዕቅድ እስካሁን የምሁራንን ትኩረት አላገኘም። መንገዱ ራሱ አያወዛግብም። ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌ፤ ድንበሩን ተሻግሮ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ፣ ናንዩኪ፤ በጠቅላላው 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል። አንድ ሰው ብቻውን ቢያቅደው ቡናው ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። ሁለት ሆነው ሲያቅዱት ግን ክረምቱ ያልቃል። የዚህ ጥናት መረጃ የተሰበሰበው ጥናት አቅራቢው ኪራይ በሚከፍልበት ሳሎን ውስጥ ነው።

ዕቅዱ በአራት ይከፈላል።

አንደኛ፣ ወረቀት። ከፓስፖርትና ከሊብሬ ሌላ ሁለት ቢጫ ካርድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለመኪናው፣ የኮሜሳ የሦስተኛ ወገን መድን፤ ሌላው ለሰውየው፣ የቢጫ ወባ ክትባት። ኳስ ሜዳ ላይ ሁለት ቢጫ ያስወጣል፤ ሞያሌ ላይ ያስገባል። በዚህ ክፍል አለመግባባት አልተመዘገበም፤ ወረቀት የሚያነበው ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነውና።

ሁለተኛ፣ አደራ። ጉዞው ለአንዲት አክስት ከተነገረ ሻንጣው የጥንዶቹ መሆኑ ያበቃል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፤ ተቀባዩ ናይሮቢ የሚኖር፣ ከጥንዶቹ አንዳቸውም አይተውት የማያውቁ የእኅት ልጅ።

ሦስተኛ፣ ሰዓት። ኬንያ ውስጥም ስዋሂሊ ተናጋሪው ሰዓቱን እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል፤ ሆቴሉ ግን ቁርስ የሚያቀርበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ይህን ያልለየ ጾሙን ይውላል።

አራተኛው ክፍል የጥናቱ እምብርት ነው። እኛ ቀኝ ይዘን እንነዳለን፤ ከሞያሌ ማዶ ግራ ተይዞ ይነዳል። የኛ መኪና መሪ ደግሞ በግራ ነው። ስለዚህ ኬንያ ውስጥ ሹፌሩ የሚቀመጠው ከመንገዱ ዳር፣ ከቦዩ በኩል ይሆናል። ከፊቱ ሎሪ ከገባ የሚታየው የሎሪው ጀርባ ብቻ ነው። ከፊት የሚመጣውን መኪና የምታየው በስተቀኝ የተቀመጠችው ባለቤቱ ናት። በዚህም ምክንያት፣ ሠርጉ ላይ ማንም ያላነሣው የሥራ ድርሻ ይወድቅባታል፤ ረዳት ትሆናለች።

ሎሪ ለመቅደም ረዳቷ የምትሰጣቸው ትእዛዞች እንደሚከተለው ተመድበዋል።

ሀ. «ሳበው!» ጥርት ያለ ነው። ታክሲ ላይ በየቀኑ ይሰማል፤ ትዳር ውስጥ ብርቅ ነው።

ለ. «ሳበው መሰለኝ።» ሃይማኖተኛ ሹፌር ይፈልጋል።

ሐ. «ቆይ… ሂድ… ቆይ ቆይ!» በሳሎን ሙከራ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን ተደርድሮ፣ ከፊት የሚመጣውን ሎሪ ፍሪጁ ወክሎ ነበር። ረዳቷ «ቆይ፣ እየመጣ ነው» ብላለች። ፍሪጁ ከቦታው አልተነቃነቀም።

መ. ዝምታ። እንቅልፍ ወይም ኩርፊያ ነው። አፍ ከተከፈተ እንቅልፍ፤ ፊት ወደ መስኮት ከዞረ ኩርፊያ።

ሠ. «እንደፈለግክ።» ይህ በጥልቀት መታየት አለበት። ላልሠለጠነ ጆሮ ፈቃድ ይመስላል። ፈቃድ አይደለም፤ ክልከላም አይደለም። ውጤቱ እስኪታይ በይደር የተያዘ ፍርድ ነው። ሹፌሩ በሰላም ቢቀድም ምስጋናው ለማንም አይደርስም፤ ቢሳሳት ግን «እኔማ ድሮም…» በሚል መዝገብ ይከፈታል። ሦስት ንዑስ ዓይነቶች አሉት፤ ተጎትቶ የሚባል፣ በአጭሩ የሚባል፣ ስልክ እየነካኩ የሚባል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፤ መንገዱን የሚያይ አንድም ሰው የለም ማለት ነውና። ቃሉ ለጉዞው የተፈጠረ አይደለም። የሳሎኑ መጋረጃ ቀለም ሲመረጥም ተሰምቶ ነበር። መጋረጃው ተሰቅሏል፤ ጉዳዩ ግን እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ያን መጋረጃ የመረጠ ሰው ማርሳቢት በረሃ ላይ «እንደፈለግክ» ሲባል እግሩን ከነዳጁ ላይ ቢያነሣ ሊፈረድበት አይገባም።

ፊደል ረ «ለምን አንተ ራስህ አታይም?» የሚለውን ሊያጠና ታስቦ ነበር። ጥናት አቅራቢው በዚህ ጊዜ ከማድ ቤት ረቂቁን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ተጠይቋል። አንብቧል። እስከ ፊደል ሐ ድረስ ተስቋል፤ ከዚያ በኋላ «የቱን መጋረጃ ነው?» ተብሏል። በመሆኑም ምደባው እዚህ ላይ ቆሟል።

ለተጓዥ ጥንዶች የሚሰጠው ምክር አጭር ነው። ቢጫ ካርዶቻችሁን ያዙ፣ ለአክስት አትንገሩ፣ መጋረጃ አታንሡ። ረዳቷ «ሳበው» ካላለች ሎሪውን ተከተሉት፤ እሱም የሚሄደው ናይሮቢ ነው።