ሲሲሊያን መከላከያ የባሕር ዳር ልጅ ስለመሆኑ፦ አጭር ጥናት

ሲሲሊያን የሚባለው የቼዝ አጀማመር ከሲሲሊ ደሴት ይልቅ ለጣና ዳር እንደሚቀርብ ይህ ጥናት ያስረዳል። የፈረንጅ መጻሕፍት ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1594 ከጣሊያናዊው ጁሊዮ ፖሌሪዮ ጋር ያያይዙታል። ጣና ዳር ወርደው ግን አልጠየቁም።

አሠራሩ የታወቀ ነው። ነጭ ወታደሩን ኢ4 ላይ አቁሞ ፊት ለፊት ይጠይቃል። ቅን ሰው ኢ5 ብሎ በግልጽ ይመልሳል። የሲሲሊያኑ ሰው ከጎን ሲ5 ይልና ሰዓቱን ተጭኖ፣ ወረቀቱ ላይ ጽፎ፣ ጣራ ጣራውን ያያል።

የባሕር ዳር ባጃጅም እንዲሁ ነው። «እስከ ጊዮርጊስ ስንት ነው?»

«ግባ፣ አንጣላም።»

ዋጋ አልተጠራም፤ አልተከለከለምም። ነጭ አምኖ ዲ4 ብሎ ይገባል። ጥቁር የጎኑን ወታደር ሰጥቶ የመሀሉን ይወስዳል። መሀል ሜዳ ላይ ለጥቁር ሁለት፣ ለነጭ አንድ ወታደር ይቀራል። ተሳፋሪው ሒሳቡ የሚገባው ሲወርድ ነው።

ተቃዋሚዎች ሰንጠረዥን፣ ማለትም የጥንቱን የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ያነሣሉ። አባቶቻችን ጨዋታውን በ«ወረራ» ይጀምሩ ነበር፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ተራ መጠበቅ የለም፣ ሁለቱም እኩል ያንቀሳቅሳሉ። እንዲህ የሚቸኩል ሕዝብ አድበስብሶ ለመመለስ ጊዜ ከየት ያመጣል? ይላሉ። ወረራን አላስተዋሉትም። ተጫዋቹ የባላጋራውን አሰላለፍ በዓይኑ ጠርዝ እያየ የራሱን ይቀያይር ነበር፤ አቋሙን ቀድሞ ያሳወቀ ተበላ። ማሸነፉም ቢሆን ወግ ነበረው። ንጉሥን በደር፣ ማለትም በዛሬው ግንብ፣ መግደል አያስመሰግንም፤ ሙገሳው በፊል (በዝሆኑ) ወይም በሜዳቅ (በወታደሩ) ለገደለ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ሥዕል ነው። ከሲሲሊያን ስልቶች አንዱ፣ የጥቁር ወታደሮች አሰላለፍ ዘንዶ ይመስላል ተብሎ ድራጎን ይባላል። እሱን ለመርታት ጠበብት መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ጽፈዋል። ዘጌ፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ መፍትሔውን ይዞ ተሥሏል፦ ነጭ ፈረስ።

የመጨረሻው ማስረጃ ከውድድር አዳራሽ የተገኘ ነው። ነጭ ደክሞት «አቻ እንውጣ?» ይላል። ጥቁር «እናያለን» ብሎ ፈረሱን ያነሣል። በዓለም አቀፉ የቼዝ ሕግ አቻ የተጠየቀ ሰው እምቢ ማለት አይጠበቅበትም፤ ሊያንቀሳቅስ ጠጠር ከነካ እምቢ እንዳለ ይቆጠራል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ባጃጅ ተሳፍረው ያውቁ እንደሆነ ለወደፊት ተመራማሪዎች ትተናል።