ያለ ዓቃቤ ሰዓት መጻፍ

ሐይቅ ከተማ ተቀምጠህ ለደሴና ለአዲስ አበባ ድርጅቶች ማስታወቂያ የምትጽፍ ፍሪላንሰር ነህ እንበል። ደንበኛ ካለ ቀጠሮ አለ፣ ቀጠሮ ካለ ደግሞ እንቅልፍ የለም። በአንድ ክረምት ደንበኞችህን ሁሉ እንዴት እንደምታሰናብት ልምከርህ፤ እኔ ሞክሬው ሠርቷል።

ሥራ ስትቀበል ምንም አትመዝግብ። "ሃያ የፌስቡክ፣ አንድ የሬዲዮ፣ እስከ ዓርብ" ሲሉህ "ችግር የለም፣ ይዤዋለሁ" በልና ስልኩን ዝጋ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እንዳትሄድ ብቻ፤ ምሳሌነቱ ያበላሽሃል። በ13ኛው መቶ ዘመን እዚያ ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ደብረ ዳሞ ሳሉ መጽሐፍ ሲገለብጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ገዳሙ በዚያው መቶ ዘመን የመጻሕፍቱን ዝርዝር ቆጥሮ ጽፎ አስቀምጧል። መቼስ ብራና ፍቆ፣ በወስፌ አስምሮ የሚጽፍ ሰው ስንት ቆዳ እንደሚፈጅ አስቀድሞ ካላሰላ መሃል ላይ ፍየል ፍለጋ ይወጣል። አንተ ምን ገዶህ? ፍየል አያስፈልግህም።

የማስረከቢያ ቀንንም በተመለከተ ከገዳሙ ራቅ። የአበምኔቱ ማዕረግ "ዓቃቤ ሰዓት" ነበር፤ ቤተ መንግሥት ድረስ የሚፈራ ሥልጣን። ስንት የሚጠበቅ ነገር እያለ ሰዓት! አንተ ዓርብ ሲደርስ "መብራት ጠፋ" በል፣ ቅዳሜ "ኔትወርክ የለም"፣ ሰኞ "እየጨረስኩ ነው"። ይህ ምክር የሚሠራው ደንበኛው አዲስ አበባ ከሆነ ነው። የሐይቅ ሰው ከሆነ የእሱም አምፖል የሚበራው በዚያው መስመር ነው፤ አንተንም ሐይቁ ዳር ዓሣ ስትበላ አይቶሃል።

አሁን ዋናው ጥበብ፦ አንድን ጽሑፍ በአንድ ቅጂ አትያዝ። ለዚህ አስተማሪያችን ሩቅ አይደለችም፤ ወደ ወልድያ ስትሄድ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ታገኛታለህ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚያ ከኢጣሊያ ጋር በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 አማርኛው፣ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይቻላቸዋል ይላል፤ ጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎታል። እርማቱ ዓድዋ ላይ በ1888 ዓ.ም. ተሠራ። አንተም ፋይሎችህን "የመጨረሻ"፣ "የመጨረሻ 2"፣ "እውነተኛው የመጨረሻ" ብለህ ሰይም። አንዱን ለሥራ አስኪያጁ፣ ሌላውን ለማተሚያ ቤቱ በቴሌግራም ላክ። ባነሩ አደባባይ ላይ በአሮጌው ዋጋ ተሰቅሎ ሲደውሉልህ ረጋ ብለህ "እኔ የላክሁት ትክክል ነው" በል። ውሸት አይደለም፤ ከሁለቱ አንዱ ትክክል ነው።

ቀብድ? ነውር ነው። "እኔና አንተ በዋጋ አንጣላም" ሲሉህ ቃላቸው ደረሰኝህ ነው። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት እንዲህ ብሎኝ የአንድ ዓመት ጽሑፍ ጻፍኩለት። እያንዳንዱን "ትንሽ ብቻ አስተካክል" ስንት ጊዜ እንዳለኝ ልነግርህ ብችል ደስ ባለኝ፣ ግን አልመዘገብኩም። ሒሳቤን ስጠይቀው ስንት ነው አለኝ። እኔም አላውቅም። ተያየንና የቆሮሶ ጥብስ አዘዘልኝ። ጥሩ ጥብስ ነበር፤ ሁለተኛውን ሳህን ማን እንደከፈለ ግን እስካሁን እንከራከራለን።