ፍየሏን ፍለጋ

ስፔን ውስጥ ሳላማንካ የሚባል ከተማ አለ። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1218 እ.ኤ.አ. ነው። በሩ ፊት አንገቱን አንጋጦ የሚቆም ሁሉ ሕንፃውን እያደነቀ እንዳይመስላችሁ፤ በድንጋዩ ቅርጻ ቅርጽ መሃል፣ ራስ ቅል ላይ ጉብ ያለች እንቁራሪት እየፈለገ ነው። ማንም ሳይጠቁመው ያገኛት ተማሪ ፈተና አይወድቅም ይባላል።

ጅማ ለተመደብነው እንዲህ ያለ አቋራጭ የለንም። የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የተባሉት በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ግድግዳ ላይ እንቁራሪት ለመቅረጽ ጊዜ አልነበረም። እንቁራሪቷ እንኳ ሞልታለች። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከዶርሙ ጀርባ ሌሊቱን ሙሉ ትጮሃለች። ያለማንም ጥቆማ ነው የምናገኛት። ግሬዳችን ግን ያው ነው።

የእኛ አገር ሰው የሚፈልገው ፍየል ነው። የቡና ፍሬ ቀምሳ የጨፈረችው ፍየል፣ እንደ ጅማ ሰዎች አባባል፣ የጎማ ወረዳዋ የጮጬ ተወላጅ ናት። ተማሪ ደግሞ ታሪካዊ ቦታ የመጎብኘት ፍቅር የሚያድርበት ሰኞ ሚድ ፈተና ሲኖርበት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ጅሬን ወጣን። ከኮረብታው ላይ ጅማን ቁልቁል የሚያየው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት አፄ ምኒልክን በጦር ከመግጠም ለሳቸው መገበር ይሻላል ብለው፣ ግዛታቸውንም ሳያስደፍሩ ነው። ቁመታቸው ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበር ሲነገረን፣ በቁመቱ ሲኮራብን የኖረው ልጅ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሌላው ደግሞ፣ «ግብሩን በጊዜው የከፈለ ሰው ቤቱ ይቆያል» ብሎ ስለ ኮስት ሼሪንግ አስታወሰንና ቀኑን ሊያበላሽብን ነበር።

ወደ አጋሮ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል። ያ አንድ ሰው ሲገባ ሌላ አንድ ሰው ይጎድላል። ከነጉልበታችን ታጥፈን አርባ አምስት ኪሎ ሜትሩን ጨረስን። አጋሮ ስንወርድ፣ መንገድ ዳር ጀንፈል ያሰጡ እናት ደብተር መያዛችንን አይተው፣ «ዘንድሮም ሽንት ቤት ልትቆጥሩ መጣችሁ?» አሉን። የጅማ ተማሪ ለሲቢቲፒ፣ ማለትም ለማኅበረሰብ ተኮሩ ሥልጠና፣ በየመንደሩ እየዞረ ስለ ውኃውም ስለ መጸዳጃውም ሲጠይቅ ስለኖረ፣ ለመዝናናት መጣን ብንል ማን ያምነናል? «የለም እማማ፣ ፍየል ፍለጋ ነው» አልናቸው። ጠፍታብን መስሏቸው አዘኑልን።

ጮጬ ለመድረስ የአጋሮው ጓደኛችንን ቤት ማለፍ ነበረብን። እዚያ አካባቢ ደግሞ ቡና ሳይጠጣ ቤት አይታለፍም። የመጀመሪያውን ሲኒ የተቀበለው የአዲስ አበባው ልጅ ስኳር ሲጠብቅ ጨው አገኘ፤ ፊቱ አቦል ላይ ተጨማደደ፣ ቶና ላይ ተፈታ፣ በረካ ላይ «ይደገመኝ» አለ። እናትየው ጓሮ ያለውን ቡናቸውን እያሳዩ፣ «ይሄ ሰባ አራት አንድ ነው፣ ያ ደግሞ ሰባ አራት መቶ አስር» አሉ። «የአይዲ ቁጥር ነው?» አለ ጨው የለመደው። መሆኑስ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. አገራችን ሲገባ፣ ተመራማሪዎች በሽታውን የቻሉ ዛፎችን ከየጫካው ለቀሙ። በ1974 የተመረጡት ዓመቱን በቁጥራቸው ይዘው ቀሩ። ያን ፈተና ያለፉ ተማሪዎች ናቸው በሉት።

ክርክሩን ያነሳው የቦንጋው ልጅ ነው። «ፍየሏ የከፋ ናት፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየምስ የት ነው ያለው? ቦንጋ!» የአጋሮው ልጅ ሲኒውን አስቀመጠ። ነገሩ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ሊሆን ሲል፣ ከላይብረሪ የማይወጣው ጓደኛችን ገላጋይ ነኝ ብሎ ገባ። ታሪኩን በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተመው ናይሮን የሚባል ምሁር እንደሆነ፣ እሱም እንስሳቱን ግመሎች ወይም ፍየሎች፣ አገሩንም የመን እንዳለ አስረዳን። ያኔ ቦንጋና አጋሮ አንድ ሆኑ። «በዚህ ጭቃ ግመል?!» ብለው ተባብረው አፉን አስያዙት።

እናትየው ጀበናውን እንደገና እየጣዱ ፈረዱ። «ልጆቼ፣ ፍየል አንድ ቦታ በልታ አትጠግብም። ከፋም በልታለች፣ እኛም ጋ በልታለች። ይልቅ ጠጡ።»

ጠጣን። ጮጬ ሳንደርስ መሸ። በፍየሏ ታሪክ ውስጥ ያለው መነኩሴ ፍሬውን አፍልቶ እንቅልፉን አባረረና ሌሊቱን ሲጸልይ አደረ ይላሉ። እኛም በፈተናው ዋዜማ፣ እሑድ ሌሊት፣ ዓይናችን እንደፈጠጠ አደርን፤ የፍየሏን ዜግነት ስንከራከር። ቡና ዓይን ይከፍታል እንጂ ደብተር አይከፍትም።